ሎቤድ ላይ የታሰረ ማሽን መንገድ ላይ ሲላላ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ለሎቤድ (ከባድ ማሽን ለሚጫንበት ዝቅተኛ ተጎታች) ሹፌሮች፣ ለረዳቶችና ማሽን ለሚያስጭኑ ኦፕሬተሮች ነው። የጎማ ንፋስ፣ የፍሬን አየር፣ መብራትና ቀይ ጨርቅ ማየት የማንኛውም ሹፌር የጠዋት ሥራ ስለሆነ አልደግመውም። የምጽፈው በጎጃም መስመር፣ ከዓባይ በረሃ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ደጋግሜ ስላየሁትና ስላስተካከልኩት ብልሽት ነው።

ሲነሳ ጥብቅ የነበረው ሰንሰለት መንገድ ላይ ላላ

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን የሚያውቁት ዘግይተው ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው። መኪናው ጉድጓድ ሲያልፍ ከኋላ የብረት መንቀጫቀጭ ይሰማል፤ ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው የመወጣጫው ድምፅ ይመስለውና ይነዳል። ወርዶ ቢያይ ግን ከአራቱ ሰንሰለቶች ሁለቱ መሀላቸው ረግቦ ተንጠልጥሏል፤ ወለሉ ላይ ከማሽኑ ቼይን (በጎማ ፈንታ ከሚሄድበት የብረት እግር) በስተኋላ አዲስ የተፋቀ፣ የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። ያ መስመር ማሽኑ የተንሸራተተበት ነው። ርዝመቱ አንድ ጣት ቢሆንም ጭነቱ አልታሰረም ማለት ነው፤ መኪናው ከዚያ ቦታ ሳይስተካከል መነሳት የለበትም።

ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ «ሰንሰለቱ ተለጥጦ ነው» የሚል ነው። ደህና ሰንሰለት በአንድ ጉዞ አይለጠጥም፤ ከተለጠጠም ሊበጠስ ነውና መጣል አለበት። ሰንሰለቱ የላላው ማሽኑ ዝቅ ስላለ ነው። ማሽኑ ዝቅ ያለው ደግሞ ከሥሩ የነበረው ነገር ስለወጣ ነው፤ እሱም ጭቃ ነው።

የቢቸናንና የሞጣን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዋልካ በክረምት በቼይኑ ጫማዎች (መሬት በሚረግጡት ብረቶች) መካከል ይጠቀጠቃል፣ ቼይኑ የሚዞርባቸውን ሮለሮች ይሸፍናል፣ ማሽኑ ሎቤድ ላይ ሲወጣም አብሮ ይወጣል። ማሽኑ ያን ጊዜ የቆመው በብረቱ ወለል ላይ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጣት ውፍረት ባለው ጭቃ ላይ ነው። ሰንሰለቱ የሚወጠረውም በዚያ ከፍታ ነው። ከዚያ ጉዞው ይጀመራል፤ ንዝረቱ ጭቃውን እየጨመቀ በጎንና በጎን ያወጣዋል፣ ማሽኑ ይሰምጣል፣ አራቱም ሰንሰለቶች ይረግባሉ። የቀረው ስስ ጭቃ በብረትና በብረት መካከል ግራሶ ይሆናል። ስለዚህ ማሰሪያው በላላበት ሰዓት ወለሉም ይበልጥ ያንሸራትታል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ መኪናው ዓባይን መውረድ ሲጀምር ነው።

በአንድ የነሐሴ ወር ከቢቸና ወዲያ ካለ የመንገድ ሥራ የወጣ ኤክስካቫተር ደጀን ላይ አግኝቻለሁ። የተጫነው በምሽት፣ በዝናብ ነበር። ሹፌሩ ሰንሰለቶቹን በሚገባ እንዳጠበቀ ምሎ ነገረኝ፤ አመንኩት፣ ምክንያቱም ማጥበቂያዎቹ ሁሉ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዘዋል። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ይኸ ወደ ፊት ሄዷል» አለው። የፊቱ የቼይን ጫፍ ከሎቤዱ አንገት (ከጎታቹ መኪና ጋር ከሚያገናኘው ከፍ ያለ ክፍል) ግድግዳ ጋር ሊነካካ አንድ ስንዝር አልቀረውም ነበር። በሁለቱም ጎን ወለሉ ዳር ላይ የተጨመቀው ዋልካ ደርቆ የቼይኑን ጫማዎች ቅርፅ ይዞ ቆሟል። ከፊቱ የነበረው መንገድ ወደ ዓባይ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደው ቁልቁለት ነው።

ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። 22 ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር እንውሰድ። በአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደረጃ መሠረት ጭነቱ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ከክብደቱ 80 በመቶ ለሚሆን ወደ ፊት ግፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ ለ50 በመቶ መታሰር አለበት። ወደ ፊት ያለው 17.6 ቶን ነው። ማሽኑ በንጹሕና በደረቅ ጣውላ ላይ ከቆመ ሰበቃው ብቻውን 40 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ወደ 9 ቶን ይይዛል። ጭቃ ባለበት ብረት በብረት ላይ ከቆመ ግን 10 በመቶ ቢይዝ ነው፤ ይህም 2 ቶን ከትንሽ ነው። የቀረውን ሁሉ የሚሸከመው ሰንሰለቱ ነው።

መፍትሄው ከመጫን በፊት ይጀምራል። ማሽኑ መወጣጫው ላይ ከመድረሱ በፊት ኦፕሬተሩ ባኬቱን መሬት ተጭኖ አንዱን ቼይን ከመሬት ያንሳ፣ በአየር ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያሽከርክር፤ ከዚያ ሌላኛውን። ግማሹ ጭቃ እዚያው ይወድቃል። ማንም ሰው በአጠገቡ አይቁም፣ የሚፈናጠረው ድንጋይ ዓይን ያጠፋል። የቀረው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማሽኑ መሬት ላይ ተቀምጦ በአካፋና በዶማ ይፋቅ። የሎቤዱ ወለልም ይጠረግ፤ የፈሰሰ ናፍታና ዘይት ካለ አሸዋ ተደርጎ ይጠረግ። ከዚያ ቼይኑ በሚያርፍበት መስመር ሁሉ ጣውላ ይነጠፍ። ሁለት ቁራጭ ሞራሌ ከፊትና ከኋላ መወተፍ ጣውላ መንጠፍ አይደለም፤ ማሽኑ በሙሉ ርዝመቱ እንጨት ላይ መቆም አለበት። እርጥብ የባሕር ዛፍ ልጥ የሚያነጥፉም አሉ፤ እሱ ከጭቃው አይሻልም።

አስተሳሰሩን በተመለከተ፣ አራቱ ሰንሰለቶች ከአራቱ ማዕዘን ይውጡ፤ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ይሳቡ። ዓባይን ሲወርድ ማሽኑ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሲወጣ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ በአንድ ጉዞ ሁለቱም አለ። ሰንሰለቱ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ45 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቀጥ ብሎ የወረደ ሰንሰለት ማሽኑን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ ከመንሸራተት አያቆመውም። መንጠቆው ማሽኑ ላይ ለማሰሪያ በተሠራው ቀዳዳ ይግባ። በደረጃው፣ በእጀታው፣ በቼይኑ ጫማና በሃይድሮሊክ ቱቦ አጠገብ አይግባ።

ከዚያ ፍተሻው ነው። ከተጫነበት ቦታ ከተነሳችሁ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቁሙ፤ የመጀመሪያው መርገብ የሚታየው እዚያ ነው። ወደ ዓባይ ከመውረድ በፊት እንደገና፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ጎሐ ፅዮን፣ ከጎጃም ለሚወጣ ደጀን ላይ። ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላም ድልድዩን ተሻግራችሁ ሰፊ ቦታ ስታገኙ። በቁልቁለቱ መሀል አትቁሙ፤ መሬቱ ሸሽቶ አስፋልቱ የተጣመመባቸው ቦታዎች አሉ፤ የቆመ ሎቤድም ከኋላው ለሚወርደው ከባድ መኪና ወጥመድ ነው። በኖራ ወይም በቀለም ወለሉና ቼይኑ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ማሽኑ ሄዷል፤ ክርክር የለውም።

የአንድ ጎን ሰንሰለቶች ብቻ ላሉ

ሎደር ወይም ግሬደር ከሆነ ወገቡ ታጥፏል። መቆለፊያው ብረት ወይም ፔርኖ አልገባም፤ ብዙ ጊዜ ከቦታው ጠፍቶ በምትኩ ፌሮ ተሰክቷል። ፌሮ በዚያ ቦታ ይጎብጣል። ትክክለኛው መቆለፊያ ይግባ፣ ከዚያ ሰንሰለቱ ከመጀመሪያው እንደገና ይታሰር። የጎማ ማሽን ሲዘል ጎማው ይጨመቅና ይለቃል፣ ስለዚህ ሰንሰለቱ ቶሎ ቶሎ ይታይ፤ ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል ታኮ ይደረግላቸው፣ ታኮውም ወለሉ ላይ ይመታ።

የባኬቱ ሰንሰለት ብቻ ላላ

ባኬቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ታስሯል፤ ዘይቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ቀስ ብሎ አልፎ ክንዱ ወርዷል። ባኬቱ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ግፊቱ እንዲወጣ ማንሻዎቹ በየአቅጣጫው ይነቅነቁ። ከዚያ ባኬቱ የራሱ ሰንሰለት ይኑረው። ከአራቱ ላይ ተበድሮ አይደለም፣ አምስተኛ ሰንሰለት ነው።

መንጠቆው ተከፈተ፣ ቀለበቱ ተሰነጠቀ

በዚህ ጉዳይ ትዕግስት የለኝም። ከፌሮ ተቀጥቅጦ የተሠራ መንጠቆ፣ በመበየጃ የተቀጠለ ቀለበት፣ ሁለት ሰንሰለት በቦሎንና በዳዶ አያይዞ መጓዝ፣ ሰንሰለት ማሳጠር ሲፈለግ መቋጠር፤ እነዚህን ሁሉ በ40 ቶን ዶዘር ላይ አይቻለሁ። የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ላይ የጥቂት ብር ብረት ይቆጠባል። የማሽኑ ባለቤት ለማሽኑ ሚሊዮኖች ከፍሎ ለማሰሪያው ገንዘብ ሲጠየቅ ይቆጣል፤ ሹፌሩም አልጭንም ለማለት ያፍራል። አልጭንም በሉ።

ሰንሰለት ስትገዙ ቀለበቱ ላይ 8 ወይም 80 የሚል የተቀረጸ ምልክት ፈልጉ። ምልክት የሌለው ሰንሰለት ጥንካሬው አይታወቅም፣ ስለዚህ አያገለግልም። የዚህ ደረጃ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት ለማንሳት ሥራ የተፈቀደለት ጭነት 3.15 ቶን፣ ባለ 13 ሚሊ ሜትሩ 5.3 ቶን ነው። የአሜሪካ ደንብ ከ4.5 ቶን በላይ ለሆነ ማሽን ቢያንስ አራት ማሰሪያ ይጠይቃል፤ የማሰሪያዎቹ የተፈቀደ ጭነት ድምርም ከማሽኑ ግማሽ ክብደት እንዳያንስ ያዛል። ያ ለደረጃው ዝቅተኛው ልክ ነው። ለዓባይ ቁልቁለት፣ ለ20 ቶን ማሽን ባለ 13 ሚሊ ሜትሩን እመክራለሁ። የተሰነጠቀ፣ የተጠማዘዘ ወይም የተበየደ ቀለበት ያለው ሰንሰለት ከሎቤዱ ላይ ይውረድ፤ «ለመጠባበቂያ» ተብሎ ከተቀመጠ አንድ ምሽት ላይ ይታሰራል።

የማጥበቂያው እጀታ ተመልሶ ሰው መታ

በእጅ ተገፍቶ በሚዘጋ ማጥበቂያ ላይ ቱቦ ሰክቶ መግፋት ልማድ ሆኗል። እጀታው ሲያመልጥ የሚመለሰው በሰንሰለቱ ሙሉ ውጥረት ነው፤ መንጋጋውን የሰበረው ረዳት ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሲደርስ አይቻለሁ። ቱቦ አትስኩ። በእጅ ኃይል ካልተዘጋ አንድ ቀለበት ልቀቁለት። አቅም ካለ በጥምዝ የሚጠብቀውን ግዙ። የተዘጋ እጀታ ሁሉ በሽቦ ይታሰር።

ሲወጣ የሎቤዱ ጭራ ወረደ፣ የጎታቹ ፊት ተነሳ

ጭራው ሥር ድጋፍ የለም፣ ወይም መሬቱ ለስላሳ ነው። በደረቅ ቦታ ጫኑ፣ ጭራው ሥር ወፍራም ግንድ አስገቡ። ማሽኑ መወጣጫውን ጨርሶ ወደ ወለሉ የሚጋደምበት ቅጽበት ክብደቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሻገርበት ነው፤ እዚያ ላይ በጣም በዝግታ። መወጣጫው ላይ መሪ አይዞርም፣ የላይኛው አካል አይሽከረከርም። አቅጣጫው ከተሳሳተ ወደ ታች ወርዶ እንደገና መሞከር ነው። የብረት ሮለር (የመንገድ መጠቅጠቂያ ማሽን) በብረት መወጣጫ ላይ በዝናብ አይወጣም፤ ያለ ጣውላ ሲሞከር በጎን ይወድቃል፣ ኦፕሬተሩም ለመዝለል ጊዜ የለውም።

ደጀንን ሲወጣ መሪው ከቀለለ ማሽኑ ወደ ኋላ በጣም ተጠግቷል፤ ወደ አንገቱ ቅርብ ይጫን።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የማሽኑ ጭስ ማውጫ ወደ ነፋስ ከዞረ ይሸፈን፤ ካልተሸፈነ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ነፋሱ ቱርቦውን ያለ ዘይት ያሽከረክረዋል። የኤክስካቫተሩ የላይ አካል መቆለፊያ ካልገባ ጠመዝማዛው ላይ ይዞራል። ከተጫነ በኋላ ከመሬት እስከ ክንዱ ጫፍ ያለው ከፍታ በሜትር ይለካ፤ በከተሞች መግቢያ የሚወርዱ የመብራት ሽቦዎች አሉ።

ሲራገፍ

ሰንሰለት ከመፈታቱ በፊት ማሽኑ ወዴት እንደተደገፈ ተመልከቱ። የረገቡት በቅድሚያ ይፈቱ፣ የተወጠሩት በመጨረሻ፤ የሚፈታው ሰው ከእጀታው መመለሻ መስመር ውጭ ይቁም፣ ማሽኑ በተደገፈበት ጎን ማንም አይኑር። የጠበቀው አልፈታም ካለ በመዶሻ አትምቱት፤ ኦፕሬተሩ ይውጣና ማሽኑን ወደ ሰንሰለቱ አቅጣጫ ትንሽ ያስጠጋው፣ ያን ጊዜ በእጅ ይለቃል።