ሕፃን ሲያስተኙም ሐዘንተኛ ሲያጽናኑም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጤነኛ የነበረ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ሕይወቱ ያልፋል፤ ተመርምሮም ምክንያቱ አይገኝም። ይህ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ SIDS) የሚደርሰው አንድ ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚበዛው ከሁለት እስከ አራት ወር ዕድሜ ባለው ጊዜ ነው። ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም አደጋውን መቀነስ ይቻላል። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ለልጁ ከመጨነቅ እንጂ ከቸልተኝነት አለመሆኑ ነው።

«በጀርባው ከተኛ ትን ይለዋል» ብሎ በሆዱ ማስተኛት። ይህን ፍርሃት ከሰው ማውጣት ከሁሉም ይከብዳል። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ይሆናል፤ ያስመለሰው ወተት ትን እንዲለው ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ላይ ፊቱ ፍራሹ ላይ ስለሚደፋ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል፤ እንቅልፉም ስለሚከብድ ቶሎ አይባንንም። በጎን ማስተኛትም መፍትሔ አይደለም፤ ትንሽ ከተንፈራገጠ በሆዱ ይደፋል። ስለዚህ ዓመት እስኪሞላው ቀንም ሌሊትም በጀርባው ይተኛ። ወዲያና ወዲህ መገልበጥ ከቻለ በጀርባው አስተኝተው፣ ራሱ ከዞረ ይተዉት። አሜሪካ ይህን ምክር እ.ኤ.አ. በ1994 በዘመቻ ማስተማር ከጀመረች በኋላ በአሥር ዓመት ውስጥ ሞቱ በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

በጀርባው መተኛት እንዳለበት ለሞግዚት ወይም ለአያት አለመንገርም ሌላ ስህተት ነው። በጀርባው የለመደ ልጅ አንድ ቀን በሆዱ ቢተኛ አደጋው በሆዱ መተኛት ከለመደ ልጅ ይብሳል።

አልጋውን በትራስ፣ በወፍራም ብርድ ልብስና በአሻንጉሊት ማሞቅ። ፍራሹ የማይሰረጉድና ሜዳ፣ አንሶላውም የተወጠረ ይሁን፤ ሌላ ምንም አይጨመር።

ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት። ሕፃኑ በወላጁና በሶፋው መደገፊያ መካከል ይሰምጣል። ከአዋቂ አልጋ እንኳ የባሰ ነው። የሕፃኑን አልጋ ከእናንተ አልጋ አጠገብ ማድረግ፣ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር፣ ከሁሉ ይሻላል።

እጁ ቀዘቀዘ ብሎ መደራረብ። የሕፃን እጅና እግር መቀዝቀዝ የተለመደ ነው፤ መዳሰስ ያለበት ደረቱ ወይም ማጅራቱ ነው። ካላበው አንድ ልብስ ይቀነስ። ቤት ውስጥ ኮፍያ አድርጎ አይተኛ።

በእርግዝናም ከወሊድ በኋላም ሲጋራ ማጨስ አደጋውን ይጨምራል፤ ጡት ማጥባት ይቀንሰዋል። ትንፋሽ እንቆጣጠራለን የሚሉ የቤት መሣሪያዎች ግን ይህን ሞት ስለመከላከላቸው ማስረጃ የለም።

ሞቱ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ስህተት ይጀምራል።

«እንዴት አስተኝታችሁት ነበር?» ብሎ መጠየቅ የመርማሪውና የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የአጽናኝ አይደለም። ፖሊስ ሲመጣና የአስከሬን ምርመራ ሲታዘዝ ወላጆች እንደ ተጠርጣሪ የታዩ ይመስላቸዋል። በብዙ አገር ድንገት ለሞተ ሕፃን ሁሉ የሚደረግ መሆኑን አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

«ገና ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ» አይባልም። የሞተውን ልጅ በስሙ ጥሩት። ልብሱንና አልጋውን ወላጆቹ ሳይጠየቁ አታንሱ። አባትየውንም «እናትየውን አበርታ» ብቻ ብሎ ማለፍ፣ እሱ ልጅ እንዳልሞተበት መቁጠር ነው።

ለሟቹ ሕፃን ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች «ተኝቶ ነው» ማለት እንቅልፍ እንዲፈሩ ያደርጋል። መሞቱን፣ እነሱም ጥፋተኛ አለመሆናቸውን በቀጥታ ንገሯቸው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የእናትየውን ጡት ነው፤ ወተቱ አይቆምምና። አጥብቆ ማሰርም ጨርሶ ማለብም ስህተት ነው፤ የመጀመሪያው ጡቱ እንዲያብጥና እንዲቆስል፣ ሁለተኛው ወተቱ እንዲቀጥል ያደርጋል። ሲወጥራት እስኪቀልላት ጥቂት ብቻ ታልብ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅም ታድርግበት። ትኩሳት ከያዛት ወይም ጡቷ ቀልቶ ካመማት ወደ ሐኪም ትሂድ።