የውርጭ አገር አበባን ባሕር ዳር ላይ በመስታወት ጣሪያ ስር እንዴት እናሳድግ

ባሕር ዳር ወይና ደጋ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጉናና ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጮቄ አናት ላይ የኖረ ተክል ሐይቁ ዳር ሲመጣ ከለመደው 13 ዲግሪ ያህል የሞቀ አየር ይጠብቀዋል። እሱን መስታወት ቤት አስገባለሁ ስትሉ ጎረቤት ቢስቅ አይፈረድበትም። መስታወት ያሞቃላ!

የተራራ ተክል መስታወት ቤት ግን ሥራው ማሞቅ አይደለም። ጣሪያ ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ዝናብ ይከለክላል፣ በጎን በኩል ነፋስ ይለቃል። የተራራ ተክል ብርድ አያስፈራውም። የሚገድለው ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆምና ልቡ ላይ እርጥበት ሲያድር ነው። የእኛ ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም።

መጀመሪያ ተክሉን ምረጡ

ግማሹ ሥራ እዚህ ላይ ያልቃል። በአውሮፓና በሂማላያ ተራሮች ከሚበቅሉት ብዙዎቹ በየዓመቱ ለወራት በረዶ ስር መተኛት የለመዱ ናቸው። እንደ ጄንቲያና ያሉትን ባሕር ዳር ላይ ለማኖር አትድከሙ። እንቅልፋቸውን ካላገኙ ቀስ በቀስ ይመነምናሉ። ኤደልዋይስን ከዘር መሞከር ይቻላል፤ ዕድሜዋ አጭር እንደሚሆን ግን ከወዲሁ ተቀበሉ።

የእኛ ተራሮች ተክሎች ሌላ ናቸው። ስሜን ላይ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ይህም ወቅት ሳይጠብቅ ይመላለሳል። ስለዚህ ረጅም እንቅልፍ አይፈልጉም። የሚፈልጉት ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ነው። በቶስኝ ጀምሩ፤ ከቅርንጫፏ ቆርጦ ማባዛት ይቻላል፣ ባትሳካ እንኳ ለሻይ ትሆናለች። አራቢስ አልፒና የምትባል ነጭ አበባ አለች፤ በአልፕስም በእኛ ተራሮችም ትበቅላለች። ወፍራም ቅጠል ያላቸው ሴምፐርቪቭምና ሴደምም ለጀማሪ ጥሩ ናቸው።

የኔ ምርጫ ግን ፕሪሙላ ቨርቲሲላታ ናት። ስሜን ውስጥ ውሃ በሚያንጠባጥብ ገደል ላይ ትበቅላለች፤ የመንም አለች። ቢጫ አበባዋ በግንዱ ዙሪያ ደረጃ በደረጃ ይደረደራል። ቅጠሏ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብናኝ አለባት። ዝናብ ካገኘው ይታጠባል፣ ውበቷም አብሮ ይሄዳል። ለመስታወት ጣሪያ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም። ለንደን በሚገኘው የኪው እጽዋት ማዕከል በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከሂማላያ ዘመዷ ጋር ተዳቅላ አዲስ ዝርያ ወጥቶባታል። እኛ ግን በጓሯችን እንኳ አናውቃትም።

ጅብራስ? ሁሉም ሰው ይጠይቃል። ጅብራ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆና ትቆይና አንዴ አብባ ትሞታለች። አበባዋ ደግሞ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል። ለጓሮ አትሆንም፤ ተራራው ላይ ሄዳችሁ እዩዋት።

ከተራራ ነቅሎ ማምጣት የለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጥብቅ ቦታ ነው። ከፓርክ ውጭም ቢሆን ብርቅ ተክል መንቀል ማጥፋት ነው፤ የተነቀለውም አብዛኛውን ጊዜ አይጸድቅም። ዘር ወይም ቁራጭ ከሚያባዙ ሰዎች አግኙ። ከዱር ዘር ለመሰብሰብ ካሰባችሁ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ።

ቤቱ

የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከቀትር በኋላ ግን ዛፍ ወይም ግድግዳ የሚያጠላበት ቦታ ፈልጉ። ከተማችን ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች የቀኑ የሐይቅ ነፋስ ከሰሜን ይመጣል። ስለዚህ የሰሜኑና የደቡቡ ጎን ክፍት ይሁን፤ የሽቦ ወንፊት ብቻ ይበቃዋል። ወንፊቱን አትተዉት። ሐይቁ ዳር ጦጣ አለ፣ ጦጣ ደግሞ ብርቅ ተክል ነው ብሎ አይምርም።

ለጣሪያው የአሮጌ መስኮት መስታወት ከነፍሬሙ ርካሽ ነው። መስታወት ካጣችሁ ብርሃን የሚያስገባው ፋይበር ቆርቆሮም ይሆናል። ውሃው እንዲወርድ ተዳፋት አድርጉት። ከፍ ባለው ጫፍ ላይ በጣሪያው ርዝመት ሙሉ አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉ፤ ዝናብ እንዳይገባ ከላዩ ቆርቆሮ ደርቡበት። ሞቃት አየር በዚያ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከስር ይተካል። በ2006 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኪው የተራራ ተክሎች ቤት የሚሠራውም በዚሁ መርህ ነው፤ እነሱ ከወለሉ ስር አየር የሚያቀዘቅዝ የኮንክሪት መተላለፊያ ጨምረውበታል።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ሼድ ኔት፣ ማለትም ጥላ የሚሰጥ መረብ፣ ያስፈልጋል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን እንደምታዘነብል አትርሱ። መረቡን በደቡብ በኩል ብቻ ከዘረጋችሁ ግንቦት ላይ ታዝናላችሁ።

የአሸዋ አልጋው

ተክሎቹ በሸክላ ይተከላሉ፣ ሸክላው አንገቱ ድረስ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። ውሃ የምትሰጡት በአብዛኛው ለአሸዋው ነው። እርጥበቱ በሸክላው ግድግዳ አልፎ ወደ ሥሩ ይደርሳል፣ ቅጠሉ ደረቅ ይሆናል። ከአሸዋው ላይ ውሃው ሲተን ደግሞ ሥሩን ያቀዘቅዛል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሰው ይህ ግር አይለውም። የፕላስቲክ ዕቃ ይህን አይሠራም፤ ቆንጆ ቢሆንም ተዉት።

አልጋውን በብሎኬት እስከ ወገብ ሥሩት። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ አሸዋ ደርቆ እንኳ ከ600 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የእንጨት ጠረጴዛ አይችለውም። ከስር ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው።

ሸክላውን ቅዳሜ ገበያ ታገኛላችሁ። የተሰነጠቀ ድስት ካለ በርካሽ ግዙ፤ ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለ ስለሆነ ለእነዚህ ተክሎች ይመቻል። ታቹን በጥንቃቄ ብሱ፣ ቀዳዳው ላይ ገል ድፉበት።

አፈሩ

የጓሮ ጥቁር አፈር አይሆንም። ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። እኔ የምመክረው ሁለት እጅ የተፈጨ ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተነፋ የበሰበሰ ቅጠል ነው። ስኮሪያው ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ይሁን፣ ዱቄቱ ይነፋ። አሸዋውን ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ለፕሪሙላ የቅጠሉን ድርሻ እጥፍ አድርጉ፤ ሥሯ እርጥበት ትወዳለች።

እምቦጭን ኮምፖስት አድርጎ የመጠቀም ሐሳብ ሊመጣላችሁ ይችላል። ለጎመን ይሁን። የተራራ ተክል የለመደው ድሃ አፈር ነው፤ ሲጠግብ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይበሰብሳል።

ድብልቁን ሸክላ ሞልታችሁ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ላዩ ላይ ከተኛ ስኮሪያ ጨምሩ። ከተከላችሁ በኋላ በአንገቱ ዙሪያ ሁለት ሳንቲሜትር ጠጠር አልብሱት። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ቅጠሉ እርጥብ አፈር እንዳይነካ ነው።

ዘር መዝራት

ዘሩ ደቃቅ ከሆነ አትቅበሩት፤ ብርሃን ይፈልጋል። ላዩ ላይ በትኑና ሸክላውን ውሃ የያዘ ሳህን ውስጥ አስቀምጡት። ላዩ ሲረጥብ አውጡት። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ዘር ብዙ ጊዜ የብርድ ወቅት ያለፈ እንዲመስለው ማድረግ ይፈልጋል፤ ከረጠበ አሸዋ ጋር ፌስታል ውስጥ አድርጉና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ፍሪዘር አላልኩም። ቤተሰቡ እንዳይጥለውም ጻፉበት።

የመዝሪያው ጊዜ መስከረም መጨረሻ ነው። ዝናቡ ይወጣል፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ይመጣል፣ ችግኙ ከመጋቢት ሙቀት በፊት ሥር ይሰድዳል።

ውሃና ተባይ

በበጋ አሸዋውን ማለዳ አጠጡ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ማታም ጨምሩ። በክረምት ጣት አሸዋው ውስጥ አስገብታችሁ እርጥበት ከተሰማችሁ ዝም በሉ። አየሩ እርጥብ ስለሆነ አሸዋው ቶሎ አይደርቅም። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ያዙ፤ ክዳኑ ግን የገጠመ ይሁን፣ ለወባ ትንኝ መራቢያ እንዳታዘጋጁ።

ክሽክሽ ለስላሳ ቅጠል ላይ ይወጣል፤ በጣት መደምሰስ ይበቃል። ቀንድ አውጣን በክረምት ማታ በባትሪ ፈልጋችሁ ልቀሙ። የሞተ ቅጠል ካያችሁ በዚያው ቀን አንሱት፣ ሻጋታ የሚጀምረው ከእሱ ነው። መሃሉ የጠቆረ ተክል ግን ብዙም አይድንም። ከማስታመም ይልቅ ጤነኛ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ሌላ ሸክላ ላይ ትከሉ፣ የቀረውን ከነአፈሩ ጣሉት።