ለውሻዎ አጥር ሲመርጡ ከታች ይጀምሩ

ግቢውን የሚያሳጥር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ሌባ እንዳይዘልለው ለከፍታው ነው። ውሻ ካለዎት ግን አስቀድመው የአጥሩን ሥር ይመልከቱ። ብዙ ውሾች ከመዝለል ይልቅ መቆፈር ይቀላቸዋል፤ በተለይ በክረምት፣ አፈሩ ሲርስ። የቆርቆሮ አጥር ደግሞ የታችኛው ጠርዙ ስለታም ነው፤ ሾልኮ ሊወጣ የሚታገል ውሻ ጀርባውን ይተለትለዋል። ከቆርቆሮው ሥር ሁለት ረድፍ ብሎኬት ቢያስገነቡ ከሁሉም የተሻለ ነው። አቅም ካልፈቀደ ጠንካራ የሽቦ መረብ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይቅበሩና ድንጋይ ይጫኑበት።

ለትልቅ ውሻ ከፍታው ወደ 1.80 ሜትር ቢጠጋ ጥሩ ነው። እሾሃማ ሽቦ ውሻው በሚደርስበት ቁመት ላይ ፈጽሞ አይዘርጉ። የቅንጭብ አጥር ካለዎትም ይጠንቀቁ፤ ነጩ ፈሳሽ ዓይን ከነካ ክፉኛ ይጎዳል።

በሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከብረት በሩ ሥር ክፍተት ካለ ውሻዎ አፍንጫውን አውጥቶ ከመንገድ ውሾች ጋር ይናከሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈውም በንክሻና በምራቅ ነው። ክፍተቱን በላሜራ ያስበይዱ፤ ክትባቱንም አያስተጓጉሉ።

አጥሩ እስኪያልቅ ማሰር ግድ ከሆነ ከአጥሩ ራቅ አድርገው ይሰሩት። አጠገቡ የታሰረ ውሻ በላዩ ዘልሎ በሰንሰለቱ ሊታነቅ ይችላል።