የድሮ ፊልም ወደ ሙዚቃዊ ቲያትር ሲመጣ

ደሴ ላይ የምንወደውን የድሮ ፊልም ለመድረክ ስናዘጋጅ መጀመሪያ ፊልሙን ዘጋነው። እናንተም ሳታዩ በቃል ተርኩት። ረስታችሁ የዘለላችሁት ትዕይንት ብዙ ጊዜ ለመድረክም አያስፈልግም።

ዘፈን መግባት ያለበት ገፀ ባህሪው ስሜቱን በንግግር መጨረስ ሲያቅተው ነው። ቅኝቱን በስሜቱ ምረጡ። እናት የልጇን ጋቢ አጥፋ ስታስቀምጥ ትዝታ ይሁን። ባቲና አምባሰል እኛ ዘንድ የቅኝት ብቻ ሳይሆን የአገርም ስም ናቸው። ተመልካቹ የቅኝት ስህተት ወዲያው ይሰማዋል፤ ስለዚህ ደጋግማችሁ ተለማመዱ።

የታወቁትን ዘፈኖች አትጣሉ። «ዘ ላየን ኪንግ» ፊልሙ በ1994፣ ቲያትሩ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተወደዱት እንዳሉ ሆነው አዳዲስ ተጨመሩ።

ካሜራ የሚያቀርበው እንባ ከኋላ ወንበር አይታይም። የኛዋ ተዋናይ የነጠላዋን ጫፍ ቀስ ብላ ስትጠመዝዝ፣ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር፣ አዳራሹ ጭጭ አለ። አደራ፣ እዚያ ጋ ከበሮ እንዳትጨምሩ።