ቤት የተጫነበት ካሚዮን ጣና ዳር ሲታመም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ቤተሰብ ይዞ አፍሪካን የሚያቋርጥ ካሚዮን ባሕር ዳር ሲደርስ ከኋላው ከባድ መንገድ አለ። ከደቡብ ከመጣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቷል። ከመተማ በኩል ከመጣ ደግሞ ከቆላ ወደ ደጋ ተንፏቋል፤ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ያ መንገድ ልጆች ለያዘ ሰው የሚመከር አይደለም። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ቆሞ የሚያሳየው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ባለቤቱም መካኒኩም ግን ሞተር ለመፍታት ይቸኩላሉ። ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይቅደም፦ ከየትኛው ከፍታ መጣችሁ? ናፍጣ የት ቀዳችሁ? ምን ያህል ጭናችኋል?

ሞተሩ ደክሟል፣ ዳገት አልወጣም ብሏል

መጀመሪያ ጭሱን እዩ። ጥቁር ጭስ ካለ አየር አንሷል፤ ጉልበት ጠፍቶ ጭስ ከሌለ ናፍጣ አንሷል። ይህን ሳይለዩ ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፓ የሚያስፈታ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከሞምባሳ ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው አሮጌ ሞተር የሚረጨው ናፍጣ ያው ሆኖ አየሩ ስለሚያንሰው የተረፈውን በጥቁር ጭስ ይተፋዋል። ድካሙ ከዳገቱ ጋር ቀስ በቀስ ከመጣ ከፍታው ነው፤ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በትዕግሥት መንዳት እንጂ ሌላ መድኃኒት አያሻውም። የናፍጣውን መጠን በፖምፓው ላይ የሚቀንሱ መካኒኮች አሉ። ወራት ደጋ ላይ ለሚቆይ መኪና ያስኬዳል፤ በሳምንቱ ወደ ቆላ ለሚወርድ ተጓዥ ግን አልመክረውም። ድካሙ በድንገት ከመጣ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ በአቧራ መታፈኑን እዩ። ቱርቦ ያለው ከሆነ ደግሞ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈትሹ፤ ሲነዳ የፉጨት ድምፅ ካለ የተቀደደ ወይም ማሰሪያው የላላ ነው።

ጭስ ሳይኖር የሚታፈን ሞተር የናፍጣ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ውሃ ገብቶበታል። በተለይ ከማደያ ሳይሆን መንገድ ዳር ከጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ይጠርጠር። ከውሃ መለያው ሥር ያለውን ቡሎን አላልታችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ አፍስሱ፣ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ከዚያ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጡ። በክረምት ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚያድር ታንክ ከውስጥ ያልበዋል፤ የምታድሩት ሞልታችሁ ይሁን።

የአውሮፓን የጭስ ደረጃ ዩሮ 6ን የሚያሟላ አዲስ ካሚዮን ያለው ሰው ሌላ ራስ ምታት አለበት። የተሠራው ሰልፈሩ ከሚሊዮን 10 እጅ ለማይበልጥ ናፍጣ ነው፤ ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ሲያገኝ የጭስ ማጣሪያው ይታፈናል፣ ዳሽቦርዱም በማስጠንቀቂያ መብራት ይሞላል። ለዚህ መንገድ አሮጌውና ኮምፒውተር የሌለው መኪና ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ፍሬኑ ይሸታል፣ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

ምክንያቱ ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ የዓባይ ሸለቆ ውስጥ ቀርቷል። መንገዱ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ አለው፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ 1,100 ሜትር አይሞላም። አሥር ቶን የሚመዝን ቤት ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይቃጠላል፣ ፊቱም እንደ መስታወት ይለሰልሳል። የምትወርዱበት ማርሽ ቁልቁለቱን ስትወጡት የምትጠቀሙበት ይሁን፤ በጭስ ማውጫ የሚሠራውን የሞተር ፍሬንም ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሩት። የጋለ የፍሬን ታምቡር ላይ ውሃ ማፍሰስ ታምቡሩን ይሰነጥቀዋል፤ ቆሞ ይቀዝቅዝ። ባሕር ዳር ከገባችሁ በኋላ አራቱንም አስከፍቱና ለስልሶ የሚያብለጨልጨውን ሸራ አስቀይሩ።

እዚህ ላይ ስለ ጭነት አንድ ነገር ልበል። 400 ሊትር ውሃ 400 ኪሎ ነው። አዲስ አበባ ላይ ታንኩን አፉ ድረስ ሞልቶ ሸለቆ መውረድ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። ለመንገድ የሚበቃውን ብቻ ያዙና ቀሪውን እዚህ ቅዱ።

በአየር ፍሬን የሚሠራ ከሆነ በየጠዋቱ ከአየር ጋኖቹ ሥር ያለውን ቀለበት ሳቡ። ውሃ ከወጣ የአየር ማድረቂያው ጊዜው አልፏል።

የቤቱ በር አልዘጋ ብሏል

በሩን አትላጉት። የካሚዮን ሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን የተሸከመው የብረት አካል፣ በጉድጓድ ላይ መጠማዘዝ ተፈጥሮው ነው፤ ቤቱ በቡሎን ድርቅ ተደርጎ ከታሰረበት ጥምዘዛው ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ በሩ ይጣመማል፣ የመስኮቱ ማዕዘን ይሰነጠቃል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ በሩ ከተዘጋ ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነው፤ ማሰሪያዎቹ በጠንካራ ሞላ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ደልዳላ ላይም ካልተዘጋ የተሰበረ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ፈልጉ። ባሌስትራ ማስመታት እዚህ ችግር አይደለም፤ የጭነት መኪና የሚጠግን ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ደጋግሞ ይሞታል

ካሚዮኑ 24 ቮልት ነው፤ ራዲዮው ወይም የስልክ ቻርጀሩ 12 ቮልት። አንድ ሰው ከአንዱ ባትሪ ብቻ መስመር ስቦለታል። መስመር የተሳበበት ሲራቆት ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። መስመሩን ንቀሉና ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ አስገቡ። ዲናሞውን ያለ ጥፋቱ አትክሰሱት።

ምድጃው ይጨሳል፣ ባቄላው አልበስል ብሏል

ይህም የከፍታው ሥራ ነው። ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ በግፊት የሚያበስል ድስት ያዙ። በናፍጣ የሚሠራው ምድጃና ማሞቂያ ከ1,500 ሜትር በላይ ጥላሸት መያዝ ይጀምራል፤ አምራቹ ለከፍታ የሚሆን ማስተካከያ ካለው አስገጥሙ። እስከዚያው ቡታጋዝ ወይም ከሰል ይበቃል፤ ከሰሉን ግን ከቤቱ ውጭ ብቻ አንድዱ።

ልጆቹ ከሐይቁ ወጥተው ቆዳቸውን ያካሉ

ይህን እንደ ተራ ነገር አትዩት። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለበት፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ማሳከኩ ሊጠፋ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሰገራ ላይ ደም ከታየ ወደ ሐኪም ሂዱና ሐይቅ ውስጥ መዋኘታቸውን ተናገሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው። ምንም ምልክት ባይታይም ጥቂት ወራት ቆይቶ መመርመር ደግ ነው።

ከሐይቁ በፓምፕ ውሃ መቅዳትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የጉማራና የርብ ወንዞች ደለል ስለሚያመጡ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፤ በብርሃን የሚያክመው መሣሪያ ደግሞ ደፍርሶ ባለ ውሃ ላይ አይሠራም። ከቧንቧ ቅዱ። ሌላ ከሌለ ውሃውን በዕቃ ሁለት ቀን አስተኙት፣ በጨርቅ አጥልሉት፣ የሚጠጣውን አፍሉት።

ማታ ከውጭ ከባድ ትንፋሽ ይሰማል

ጉማሬ ነው። ጨለማ ሲሆን ለግጦሽ ይወጣል፤ በእርሱና በውሃው መካከል መቆም አደጋ ነው። ሣሩ ተጠርጎ ዱካ የተሠራበት ቦታ ላይ አትደሩ፤ ልጆችም በሌሊት ለሽንት ብቻቸውን አይውረዱ።

ፎገራ ላይ ጎማው ሰጥሟል

በወረታ አካባቢ ያለው የፎገራ ጥቁር ዋልካ ሩዝ የሚበቅልበት ነው፤ ውሃ ይዞ ያስቀራል። ለአሸዋ የሠራው ዘዴ እዚህ አይሠራም። የጎማ ንፋስ መቀነስ ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ጭቃው በጎማው ጥርስ መካከል ስለሚጣበቅ ጎማው ሙልጭ ብሎ ይሽከረከራል። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ዲፈረንሻሉ መሬት እስኪነካ ትቀብሩታላችሁ። አቁሙ። ውሃውን አፍስሳችሁ ካሚዮኑን አቅልሉ፣ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ቆፍራችሁ ድንጋይና ገለባ አስገቡ፣ በገባችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ውጡ። ዝናብ ካቆመ አንድ ቀን ፀሐይ ከአሥር ሰው ጉልበት ይበልጣል። ለሚያግዙት ሰዎች ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተስማሙ፤ የቆፈራችሁትንም ደፍናችሁ ሂዱ፣ የሰው ማሳ ነው። አስፋልት ስትደርሱ ከሁሉ በፊት ጎማውን መልሳችሁ ንፉ፤ ንፋሱ የቀነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል።