ለጎጃም ቤተ መጻሕፍት፦ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አመራረጥና አገኛኘት

ቤተ መጻሕፍቱን ከካርድ ካታሎግ ወደ ኮምፒዩተር ለማዞር ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሻል ነው። እኔ ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ እንዲነሣ እለምናለሁ፦ ዛሬ የምናስገባውን መዝገብ ነገ ከሶፍትዌሩ እንዴት እናወጣዋለን? ይህን የምለው በምሥራቅ ጎጃም በሠራሁበት አንድ ቤተ መጻሕፍት ከደረሰብን ተነሥቼ ነው። አንድ ባለሙያ በርካሽ የሠራልን ፕሮግራም ሦስት ዓመት ያህል በደንብ አገለገለን፤ ባለሙያው ከአገር ወጥቶ፣ ኮምፒዩተሩም ሲበላሽ ግን የዳታቤዙን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ታጣ። የመጠባበቂያ ቅጂ ነበረን፤ ቅጂውን የሚከፍትልን ግን አልነበረም። ሁለት ክረምት ሙሉ ከአክሴሽን መዝገቡ (መጻሕፍት ሲገቡ በእጅ ከሚመዘገቡበት ደብተር) አንዱ እያነበበ፣ ሌላው እየጻፈ ሁሉንም እንደገና አስገባነው።

የዓለም ገበያ የሚሄድበት መንገድም ወደዚሁ ጥያቄ ይመልሰናል። የንግድ አቅራቢዎች አንዱ ሌላውን እየገዛ ቁጥራቸው አንሷል፤ ፕሮኴስት እ.ኤ.አ. በ2015 ኤክስ ሊብሪስን፣ በ2020 ኢኖቬቲቭን ገዛ፤ በ2021 ደግሞ ራሱ በክላሪቬት ተገዛ። ውል የፈረሙት ከአንዱ ጋር ሆኖ ሳለ ደረሰኙ ከሌላው ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ሶፍትዌርን አንዴ ገዝቶ በራስ ሰርቨር ላይ መጫንም እየቀረ፣ በኢንተርኔት በኩል በየዓመቱ እየከፈሉ መጠቀም ተለምዷል። እንደ ኤክስ ሊብሪሱ አልማ ያሉት የዚህ ዓይነት ሥርዓቶች የታተመውን መጽሐፍና የኤሌክትሮኒክ ጆርናሉን በአንድ ላይ ስለሚያስተዳድሩ፣ በሺህ የሚቆጠር ጆርናል ለሚያስመጣ ዩኒቨርሲቲ ይጠቅማሉ። በሌላ በኩል ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ቀዳሚው ኮሃ በኒውዚላንድ ለሆሮውሄኑዋ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1999 መሠራት ጀምሮ በጥር 2000 አገልግሎት ላይ ዋለ። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ኤቨርግሪን በ2006 በአሜሪካ ጆርጂያ ተከተለ፤ ፎሊዮ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው።

በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላ ወይም በሞጣ ላለ የሕዝብ፣ የትምህርት ቤት ወይም የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የምመክረው ኮሃን በግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ መጫን ነው። አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተፈረመ ዓመታዊ ክፍያ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሁለተኛውን የአካባቢያችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የተመሠረተ ውሰት ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በግቢው ውስጥ የተጫነ ኮሃ የውስጥ ኔትወርክና መብራት እስካለ ድረስ ያበድራል፣ ይመልሳል፣ ካታሎግም ያሳያል። ነጻ ነው ሲባል ግን የፈቃድ ክፍያ የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ)፣ የባርኮድ ማንበቢያው፣ ሥልጠናውና ሰርቨሩን የሚከታተለው ሰው ደመወዝ በበጀት ሊያዙ ይገባል።

ሶፍትዌሩን ለማግኘት ሦስት መንገድ አለ። የሊኑክስ ዕውቀት ያለው ሠራተኛ ካለዎት በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ላይ በራስዎ ይጭኑታል። ከሌለዎት ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ በደብዳቤ ሙያዊ ትብብር ይጠይቁ፤ ሥራውን ለተመራቂ ተማሪ ብቻ መተው ግን ከላይ የነገርኳችሁን ታሪክ መድገም ስለሚሆን፣ ስምምነቱ ከተቋሙ ጋር ይሁን። ሦስተኛው መንገድ ድርጅት በጨረታ መቅጠር ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ብዙ የጨረታ ሰነድ ስለ ኮምፒዩተሩ ፍጥነት ሁለት ገጽ ይጽፍና ስለ መዝገቡ አንድ መስመር አይጽፍም። በቢጋርዎ (አቅራቢው የሚሠራው ሥራ በሚዘረዘርበት ሰነድ) ውስጥ አቅራቢው መላውን ካታሎግ ከነቅጂ ቁጥሩና ከነባርኮዱ በማርክ 21 (ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ መዝገብ በሚለዋወጡበት የዓለም ደረጃ) ቅርጽ፣ የተበዳሪዎችን ዝርዝር ደግሞ በኤክሴል በማንኛውም ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያስረክብ ግዴታ ያስገቡ። የሰርቨሩና የዳታቤዙ የይለፍ ቃሎች በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው ይሰጡ። ዋጋው በብር ይሁን፤ ከጭነቱ ሌላ የሦስት ዓመት ድጋፍ ስንት እንደሚያወጣ ተለይቶ ይቅረብ፤ የሚሠለጥኑትም ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ አንዱ ሲዛወር ሌላው እንዲቀር። የድሮ መዝገብ በሲዲኤስ አይሲስ ወይም በዊንአይሲስ (በቀድሞዎቹ የዩኔስኮ ሶፍትዌሮች) ካለዎት፣ በአይኤስኦ 2709 የመዝገብ መለዋወጫ ቅርጽ ወጥቶ ወደ ማርክ ሊቀየር ስለሚችል አዲስ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ የመጨረሻውን ክፍያ ግን ከተቀየረው መዝገብ ናሙና አውጥተው ከመደርደሪያው ጋር እስኪያመሳክሩ ድረስ ያቆዩት። አቅራቢው የተበዳሪዎችን ስልክና አድራሻ በራሱ ሰርቨር የሚያስቀምጥ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለሚመለከታችሁ፣ ኃላፊነቱ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአማርኛው መዝገብ ነው። አንዲት ተማሪ «አለማየሁ» ብላ ጽፋ ፈለገች፤ ስክሪኑ ምንም አልተገኘም አለ፤ መጽሐፉ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ «ዓለማየሁ» ተብሎ ስለተመዘገበ። አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ በንግግር አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አራት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መፍትሔው መዝገቡን ሁሉ በአንድ ፊደል መጻፍ አይደለም፤ በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ደግሞ ቀማ መሆኑን በጎጃም ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ያውቃል፤ ደራሲው በርዕስ ገጹ ላይ የጻፈው እንዳለ ይቆይ። በኮሃ የፍለጋ ኢንዴክሱ አይሲዩ በሚባለው የዩኒኮድ ዘዴ እንዲሠራ ያድርጉና፣ በዚያው ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሐ እና ኀ ከነሆሄያቸው እንደ ሀ፣ ሠ እንደ ሰ፣ ፀ እንደ ጸ፣ ዐ እንደ አ እንዲቆጠሩ፣ የሀ እና የአ ራብዕም ከግዕዙ ጋር አንድ እንዲሆን የመተኪያ ደንብ ያስገቡ፤ ከዚያ ኢንዴክሱ እንደገና ይገንባ። ጨረታም ከሆነ ይህ በመመዘኛው ይካተት፤ ተጫራቹ በፊትዎ በአራቱም አጻጻፍ ፈልጎ ያሳይ።

ስማችንም እንዲሁ ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ ደራሲው የሚመዘገበው በራሱ ስም ጀምሮ ሳይገለበጥ ነው፤ በማርክ 21 መስክ 100 (የደራሲ ስም በሚገባበት) የመጀመሪያው አመልካች 0 ይሆናል። ከውጭ የተቀዱ መዝገቦች ብዙ ጊዜ ገልብጠውት ስለሚመጡ ያርሙ። የኅትመት ዘመንን መጽሐፉ እንዳለው በዓ.ም. ጽፈው የፈረንጁን ዓመት በቅንፍ ይጨምሩ፤ በመስክ 008 (ኮምፒዩተሩ ዓመቱን በሚያነብበት) ግን የፈረንጁ ብቻ ይግባ፤ አለዚያ የአማርኛው መጽሐፍ በዘመን ሲደረደር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ሆኖ ይታያል።

ኮሃ ሲጫን በየቀኑ ቅጂ ማውጣት በራሱ ይጀምራል፤ ቅጂው የሚቀመጠው ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ነው፣ አሮጌውንም ከጥቂት ቀን በኋላ ያጠፋዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡና ዲስኩ ከቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቆለፍበት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ተማሪዎች በማይኖሩበት በነሐሴና በየካቲት ዕረፍት፣ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ጭነው ከመደርደሪያው በዘፈቀደ ያነሧቸውን አሥር መጻሕፍት ይፈልጉበት፤ ያልተገኘ ካለ በዚያው ሳምንት ምክንያቱን ይመርምሩ።