ትንሽ የወይን እርሻ መሥርቶ ቀማሽ ወዳጅ ማፍራት እንዴት ይቻላል?

ወይን መትከል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መሬትና ስለ ችግኝ ነው። ቀማሽ ትዝ የሚለው ጠርሙሱ ከተሞላ በኋላ ነው። እኔ ግን ሁለቱ አብረው መጀመር አለባቸው ባይ ነኝ። ምክንያቴ ንግድ አይደለም። የራሱን ወይን ብቻውን የሚቀምስ ሰው ጉድለቱን ይለምደዋል። ጓዳው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ቢሸት እንኳ ሲሰነብት አፍንጫው ዝም ይላል፤ ሌላ ሰው ገብቶ "ምንድን ነው የሚሸተው?" እስኪል ድረስ።

ከዚህ በታች ያለው 1,000 ካሬ ሜትር ለምታህል እርሻ የሚሆን ነው። ስምጥ ሸለቆ ወይም ወይና ደጋ ላይ የቤተሰብ መሬት ላለው ሰው ይሠራል።

ቦታ መምረጥ

መነሻ ካስፈለገ ዝዋይን ማየት ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እዚያ ሲራህ፣ ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ የወይን ዝርያዎችን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉትን ወይኖች ገበያ ላይ አወጣ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አፈሩ አሸዋማ ነው። ሙቀቱ ፍሬውን ያጣፍጣል። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ኮምጣጣነቱ ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደርጋል። አሸዋው ደግሞ ውሃ አያቁርም። እናንተም የምትፈልጉት እነዚህን ሦስቱን ነው። ጥቁር መረሬ ላይ ባትሞክሩት ይሻላል፤ ክረምት ሲገባ ሥሩ ውሃ ውስጥ ይቆማል።

የዝዋዩ እርሻ ጅብ፣ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። የእናንተ ጠላት ጉማሬ ላይሆን ይችላል። ወፍ፣ ጦጣና የጎረቤት ፍየል ግን አይቀሩም። አጥሩን ከችግኙ በፊት ጨርሱ።

መትከል

በመስመርና በመስመር መካከል 2.5 ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 1 ሜትር ተዉ። 1,000 ካሬ ሜትር ላይ 400 ተክል ይገባል ማለት ነው። ተክሉ ሲጎለምስ ከእያንዳንዱ 2 ኪሎ ብታገኙ 800 ኪሎ ፍሬ ነው። ከዚያ 500 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ ከ650 ጠርሙስ ትንሽ ይበልጣል። ለአንድ ቤተሰብና ለወዳጆቹ በጣም ብዙ ነው። ለንግድ ደግሞ ትንሽ ነው። ለመጀመሪያ የሚመች ልክ ይመስለኛል።

ለችግኝ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሦስት ወይም አራት ዓይን ያለው ቁራጭ ይበቃል። ሁለቱ ዓይን ከአፈር በታች ይሁን። ቁራጩን የምትወስዱበት እናት ተክል ግን ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ። ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚያጠቃ ተባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ወይን አውድሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር የራሱን ወይን የሚተክለው ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እየቀጠለ ነው። አሸዋማ አፈር ለዚህ ተባይ አይመችም። ይህም ለስምጥ ሸለቆ አንድ ዕድል ነው።

ምሰሶና ሽቦ ዘርጉ፤ ከተቻለ የጠብታ መስኖ አስገቡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚመጣውን ዘለላ ቆርጣችሁ ጣሉ። ያሳዝናል፤ ግን ሥሩ መጠንከር አለበት። ለወይን የሚሆን ፍሬ የምትጠብቁት በሦስተኛው ዓመት ነው።

መግረዝ

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሚሞቅ አገር የወይን ተክል እንደ አውሮፓው ብርድ መጣ ብሎ አይተኛም። የሚነቃው ሲገረዝ ነው። ስለዚህ ፍሬው መቼ እንደሚደርስ የምትወስኑት በመቀሳችሁ ነው። ከገረዛ እስከ ለቀማ ከ4 እስከ 5 ወር ይወስዳል። መስከረም መጨረሻ ላይ የገረዘ ሰው ጥር ወይም የካቲት ላይ ይለቅማል። ፍሬው ሲበስል ዝናብ የለም፤ ዘለላው አይበሰብስም።

በዓመት ሁለት ጊዜ ማምረት ይቻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ይቻላል። ለትንሽ እርሻ ግን አልመክርም። ክረምት ላይ የሚደርሰውን ሻጋታ ይቀድማችኋል፣ ተክሉም ይደክማል።

ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ድኝ ይረጫል። ለቀማው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግን ድኙን አቁሙ። ፍሬው ላይ የቀረው ድኝ በኋላ ወይኑ ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሆኖ ይመለሳል። በምዕራብ በኩል ያለውን ቅጠል አብዝታችሁ አታራግፉ፤ የከሰዓት ፀሐይ ዘለላውን ያቃጥላል።

የለቀማ ደቦ

የመጀመሪያዎቹን ወዳጆቻችሁን የምትጠሩት እዚህ ላይ ነው። ወይን መጠጣት የሚወድ ሰው ሁሉ ዘለላ ቆርጦ አያውቅም። አንድ ጠዋት መቀስ ይዞ የዋለ ሰው ግን ያን ወይን የራሱ አድርጎ ያየዋል።

ፍሬው መድረሱን በሪፍራክቶሜትር (የጭማቂውን ስኳር በሚለካ መሣሪያ) ለኩ፤ ከ22 እስከ 24 ብሪክስ (የስኳር መጠን መለኪያ) ሲያሳይ ጥሩ ነው። 23 ብሪክስ ወደ 13 በመቶ አልኮል ይሰጣል። መሣሪያው ከሌለ ፍሬውን አፍርጡና ዘሩን እዩት። ዘሩ አረንጓዴ ከሆነ ጠብቁ፤ ቡናማ ሆኖ ሲነከስ ቀጭ ካለ ደርሷል።

ሰዎቹን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጥሩ። ፀሐይ ሳይበረታ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። የበሰበሰውንና ወፍ የነካውን ዘለላ ለይታችሁ ጣሉ። ከዚያ ቁርስ አብሉ። በደቦ ሰው ጠርቶ በደረቁ መሸኘት የለም።

ማብላላት

ጠጅ የጣለ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ለምግብ የተሠራ የፕላስቲክ በርሜል ይዘጋጅ፤ ኬሚካል የነበረበትን ሰማያዊ በርሜል አጥባችሁም ቢሆን አትጠቀሙ። ለቀይ ወይን ፍሬውን ከዘለላው አገዳ ለዩና ከነልጣጩ አፍርጡት። በርሜሉን ከሦስት አራተኛ በላይ አትሙሉ፤ ሲፈላ ይነሣል። ለ10 ሊትር 1 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ጎጂ ተሕዋስያንን የሚገታ ዱቄት) ጨምሩ፣ በማግስቱ የወይን እርሾ አስገቡ። ጌሾ አያስፈልግም።

ልጣጩ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ክዳን ይሠራል። ጠዋትና ማታ በንጹህ እንጨት ወደ ታች ድፈቁት፤ ቀለሙም ጣዕሙም ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ፍላቱ ሲበርድ በንጹህ ጨርቅ ጨምቁት። ነጭ ወይን ከሆነ ገና ሳይፈላ ይጨመቃል፤ የሚብላላውም በቀዝቃዛ ቦታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። በርና መስኮት ክፈቱ፤ በርሜሉ ባለበት ክፍል ሰው አይተኛ።

ከጨመቃ በኋላ የወይኑ ጠላት አየር ነው። ዕቃውን እስከ አፉ ሙሉት። ክዳኑን ብሱና ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። አተላው ሲዘቅጥ ላዩን በቱቦ ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሩ። ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) 0.995 ወይም ከዚያ በታች ካነበበ ስኳሩ አልቋል። የኦክ በርሜል ውድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አያስፈልግም፤ መጥፎ ወይን በኦክ አይድንም።

የካቲት ላይ የተለቀመው ሁዳዴ ውስጥ ይብላላል። ለፋሲካ የሚደርስ ይመስላል፤ አይደርስም። ገና ጥሬ ነው፣ አፍ ያደርቃል። እስከ መስቀል ብትታገሡት ይሻላል።

ማስቀመስ

የኛ አገር እንግዳ ጨዋ ነው። በእጃችሁ የሠራችሁትን ብታቀርቡለት "እጃችሁ ይባረክ" ብሎ ይጠጣል። ፊቱን እንኳ አያጨፈግግም። ደስ ይላል፤ ወይኑን ግን አያሻሽለውም። ስለዚህ ጠርሙሱን ደብቁት።

እንዲህ አድርጉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ጥሩ። ከእናንተ ወይን ጋር አንድ ጉደር፣ አንድ ሪፍት ቫሊ፣ ከተገኘም አንድ የውጭ ቀይ ወይን አዘጋጁ። አራቱንም ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው በጋዜጣ ጠቅልሉና በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፉባቸው። የጠቀለለው ሰው አይቅዳ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጣት ያህል ቅዱ። ሁሉም ያሽትት፣ ይቅመስ፣ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገር። ይሄን ሕግ አጥብቁ። ጋሼ ቀድመው "ሁለተኛው ግሩም ነው" ካሉ ጠረጴዛው ሁሉ ሁለተኛውን ይመርጣል።

ወረቀቱ ላይ የምትፈልጉት ነጥብ አይደለም፤ ሽታ ነው። ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚል ካለ አየር ገብቷል ወይም ዕቃው ንጹህ አልነበረም። የበሰበሰ እንቁላል የሚል ካለ አየር እያገኘ ወደ ሌላ ዕቃ ይዛወር፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል። እርጥብ ካርቶን የሚል ካለ ጥፋቱ ባብዛኛው የቡሹ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከጻፈው ያዙት፤ ሦስት ሰው ከጻፈው እመኑት።

ሲቀምሱ ዳቦና አይብ ይበቃል። ምግቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ክትፎ ከቀይ ወይን ጋር ይስማማል። ዶሮ ወጥ ግን ያስቸግራል፤ በርበሬው ላይ ጠንካራ ቀይ ወይን ሲጨመር ምላስ ያቃጥላል። ቀዝቀዝ ያለ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ነጭ ይሻለዋል። ኮካ የሚቀላቅል እንግዳ ከመጣ አትቆጡ። መጀመሪያ ባዶውን ይቅመስና ከዚያ እንደፈለገ ያድርግ።

ቀኑን ስትመርጡ ረቡዕና ዓርብን፣ በተለይ ሁዳዴን ተዉ። ግማሹ ሰው አይመጣም፤ የመጣውም ቀምሶ አይጽፍም።

ማኅበር ማድረግ

የመጀመሪያው ቅምሻ ከተሳካ ተራ አውጡ። በወር አንድ ጊዜ፣ እንደ ዕቁብ፣ ባለተራው ቤት። ባለተራው ጠርሙሱን ያመጣል፣ ይጠቀልላል። የሚጻፈውን ሁሉ አንድ ሰው በደብተር ይያዝ። በሚቀጥለው ዓመት ለቀማውን በሳምንት ማዘግየት ወይም ማፍጠን ያለባችሁ መሆኑን የሚነግራችሁ ያ ደብተር ነው። ሌላ ሰው የሠራው የቤት ወይን ሲመጣም እናንተው የምትፈልጉትን ያህል እውነት ጻፉለት።

መሸጥ ካሰባችሁ ነገሩ ይለወጣል። ፈቃድ፣ የምግብና መጠጥ ጥራት ቁጥጥር፣ ኤክሳይስ ታክስ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ይከለክላል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። በማስታወቂያ የማትሸጡትን ወይን የሚያወራላችሁ ያ ስምንት ሰው ነው። ጠርሙስና የጠርሙስ መለያ ወረቀት ከማዘዛችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የንግድ ቢሮ ጠይቁ፤ ለማኅበሩም ዋጋውን ስንት ብታደርጉት እንደሚገዙ በወረቀት አስጽፏቸው።